የስድስት ኪሎ ምሩቃንና የዘንገና ሙሽሮች

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድ 18፣ ሴት ደግሞ 15 ዓመት ሲሞላቸው እንዲጋቡ ይፈቅድ ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን የባሰ ነገር ነበረበት። ሴት ልጅ የጠለፈ ሰው የሚጠብቀው ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ጽኑ እስራት ነው። ያችኑ የጠለፋትን ልጅ ካገባት ደግሞ ክሱ ይቀርለታል። ሽማግሌ ገብቶ ጋብቻው ከጸና፣ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ነገር አልነበረም።

በአዊ ምድር፣ ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ለሚኖር ገበሬ፣ እነዚህ ሁለት ሕጎች የወጡት እጅግ ሩቅ ከሆነ ቦታ ነው። ዘንገና እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው። ዙሪያውን ደን ከቦታል፤ ጥልቀቱም ከ160 ሜትር ይበልጣል። አካባቢው ለም ነው፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የሚታየው ድምቀትም አገር ያወቀው ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ስለ ፈረሰኞቹ አይደለም፤ ስለ ሙሽሮቹ ነው። ልጅን ገና ሳትጠና አጭቶ ሳትደርስ መዳር በጎጃም የኖረ ልማድ ነበር። ሕጉ ያስቀመጠው 15 ዓመት ራሱ ከልማዱ የተሻለ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ይህን ማን ለወጠው? በእኔ እምነት ከመልሱ አንዱ በ1956 ዓ.ም. በስድስት ኪሎው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ ነው። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ከመምህራኑም ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ያስተማሩትም እነዚያኑ አዳዲስ የሕግ መጻሕፍት ነው። የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔትም ከዚያው ወጣ። ስለ ፋኩልቲው ምሩቃን ሲወራ የሚቀድመው ሹመቱ ነው። ማን ሚኒስትር ሆነ? ማን ዐቃቤ ሕግ ሆነ? ማን አምባሳደር ሆነ? ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ ዝርዝሩንም ለሌሎች እተዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ ግቢ ወጥተው፣ እዚያው የተማሯቸውን አንቀጾች ያስለወጡት ናቸው።

ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ የተወለዱት አሶሳ ነው። ሕግ ተምረው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ በሽግግሩ ዘመን ደግሞ የሕገ መንግሥት ኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች በነጻ ይከራከር ጀመር፤ ባሕር ዳር ላይም ቅርንጫፍ ከፈተ። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባሏ ከቤት ያባረራት የአዊ ሴት በአንድ ቀን አውቶቡስ የምትደርስበት ጠበቃ ያገኘችው ያኔ ነው።

የማኅበሩን ስም ያስጠራው ግን የአርሲው ጉዳይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ልታመልጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ልጅቱ ሞት ሊፈረድባት ይችላል እየተባለ፣ የማኅበሩ ጠበቆች ራስን መከላከል ነው ብለው ተሟገቱ። ሁለት ዓመት ያህል ከፈጀ ክርክር በኋላ ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበታት። በጠለፋ ጉዳይ እንዲህ ያለ ፍርድ ከዚያ በፊት አልተሰማም ነበር። ታሪኩ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆኖ ዓለም አየው።

ከፍርዱ ይልቅ እኔ የማደንቀው ተከትሎ የመጣውን ነው። ማኅበሩ አንድ ልጅ ነጻ አውጥቶ አላረፈም፤ አንቀጾቹ እንዲለወጡ ጮኸ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴትን የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 አሳደገ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ለጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ወሰነ፤ ጠላፊው ልጅቷን ቢያገባትም ከክስ አያመልጥም። ልጅን ያለ ዕድሜዋ ማግባትም ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የፌዴራል ስለሆነ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነው። ለዘንገናዋ ልጅ 18 ዓመት የመጣላት የአማራ ክልል ምክር ቤት የራሱን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995ን፣ ሲያወጣ ነው። በዚያው ዘመን በክልሉ የገጠር መሬት ይመዘገብ ጀመር፤ በይዞታ ደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ሰፈረ። የገበሬ ሚስት ፍቺ ቢመጣ ለዳኛ የምታሳየው ወረቀት አገኘች።

ክብሩም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2003 ወይዘሮ መዓዛ ከዛምቢያዋ ሣራ ሎንግዌ ጋር ሀንገር ፕሮጀክት የሚሰጠውን የአፍሪካ የአመራር ሽልማት ተቀበሉ። ጥቅምት 22 ቀን 2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ በታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ፤ በጥር 2015 በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ይህ ሁሉ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1993 መጨረሻ ፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን አግዶት ነበር፤ እገዳው ከሳምንታት በኋላ ተነሣ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ደግሞ ገቢውን ቆርጦ አሽመደመደው።

ዋጋ በመክፈል በኩል የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን ያህል የቀመሰ የሕግ ምሩቅ ጥቂት ነው። ዳኛ ሳሉ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተከሳሹ ከፍርድ ቤት እንደ ወጡ በፖሊስ እንደገና ተያዙ። ወይዘሪት ብርቱካን ራሳቸው በኋላ የተቃዋሚ መሪ ሆነው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በ1999 በይቅርታ ወጡ፤ በታኅሣሥ 2001 ተመልሰው ገቡ፤ የተፈቱትም መስከረም 26 ቀን 2003 ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2011፣ ያው መንግሥታዊ ሥርዓት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው። ያቺ የዋስትና ትእዛዝ ለእኔ ከሹመቱም ትበልጣለች፤ ዳኛዋ ምን ሊከተላቸው እንደሚችል እያወቁ የፈረሙባት ናትና።

ዛሬ ሕግ ለመማር ስድስት ኪሎ መሄድ ግድ አይደለም። ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደብረ ማርቆስ የሕግ ትምህርት ቤት አላቸው። ከእነዚህ የወጡ ልጆች በየወረዳው ፍርድ ቤት ዳኛና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ይሠራሉ። ስማቸው በሽልማት መድረክ ላይ አይነሣም፤ ከልማዱ ጋር ፊት ለፊት የሚጋፈጡት ግን እነርሱ ናቸው። የልጅ ጋብቻ ክስ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ዕድሜዋ ስንት ነው?» የሚል ነው። አባት 18 ይላል፤ መምህሯ 14 ነው ይላል። የልደት ምስክር ወረቀት የለም። ሐኪም ገምቶ ይጽፋል፤ ዳኛው በግምት ላይ ቆሞ ይፈርዳል። ጥሩ ሕግ በወረቀት ላይ እያለ ስንት መዝገብ በዚህ ምክንያት ተዘጋ!

በኢትዮጵያ የልደትና ሌሎች ወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በየቀበሌው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ2009 በዘንገና አካባቢ ተወልዳ የተመዘገበች ልጅ በ2027 ዓ.ም. 18 ዓመት ይሞላታል። ከዚያ በፊት ሊድራት የሚነሣ ቢኖር፣ ዘንገና የሚገኝበት የባንጃ ወረዳ ዳኛ የልደት ቀኗን ከቀበሌው መዝገብ ያነበዋል።