የእንባ ወረታ

የእኛ የከተሜዎቹ ለቅሶ ይታወቃል። ገባ ብሎ ከንፈር መምጠጥ፣ ንፍሮ መቆርጠም፣ ካርታ ከተጀመረ ደግሞ አንድ ሁለት እጅ መጫወት፣ ከዚያ ውልቅ! የ19ኛው ክፍለ ዘመን ለቅሶ ግን እንዲህ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ አልነበረም።

እስቲ ወደ ፎገራ እንሂድ። ከጣና በስተምሥራቅ ያለ፣ ርብና ጉማራ ክረምት ሲመጣ የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው። ዛሬ በሩዙ እናውቀዋለን፤ ያኔ ሩዝ የለም፣ አገሩ የከብት ነው። ሰው ሲሞት ዘመድ ጎረቤቱ ለቅሶ ይወጣል። ሟቹ ባለ ስም ከሆነ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ በለቅሶው መሀል ይዞራል። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ይላጫሉ፣ ፊታቸውን ይነጫሉ፣ ደረታቸውን ይደቃሉ። አልቃሿ ሙሾ እያወረደች የሟቹን ዘርና ሙያ ትቆጥራለች። ለማይጽፈው ገበሬ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው እሷ ነበረች።

ቀጥሎ ተዝካር አለ፤ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ። ጠላ ይጠመቃል፣ በሬ ይታረዳል፤ ካህኑም ድኻውም ይበላል። ነገሩ ለነፍስ ነው፣ ግን ብድርም ነው፤ ዛሬ ላለቀሰልህ ነገ ታለቅሳለህ። የፎገራዋ ከተማ «ወረታ» መባሏ ከየትም ይምጣ፣ ቃሉ ለዚህ ልክ ነው፤ ወረታ ይመለሳል።

ቤተ መንግሥትም ከለቅሶ አያመልጥም። ከወረታ ሽቅብ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት አፄ ቴዎድሮስ፣ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሲሞቱባቸው አምርረው አልቅሰዋል። ጠላት ያላስለቀሳቸውን ሰውዬ ሐዘን አስለቀሳቸው።

ከዚያ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታ በመላ አገሪቱ በሬውን ጨረሰ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ረሃቡና ወረርሽኙ ሰውን አረገፈ። ቤጌምድርም አልተረፈም። አስቡት፦ ለተዝካር የሚታረድ በሬ የለም፣ ለጠላ የሚሆን እህል የለም፣ አልቃሿም ራሷ ተርባለች። አስከሬን ቀባሪ አጥቶ በየመንገዱ ቀረ። የወረታው ሰንሰለት ተበጠሰ።

የታሪክ መጻሕፍት የክፉ ቀንን ሙታን በግምት ይቆጥሩልናል። ስማቸውን የሚይዝልን ሙሾ ነበር፤ እሱም አልወረደላቸውም። ለእኔ የክፉ ቀን ትልቁ ጭካኔ ይህ ነው፤ ሰዎቹን ሁለት ጊዜ ገደላቸው።

እና በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት፣ ካርታው ከመበወዙ በፊት፣ እስቲ «ሟቹ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። አልቃሿ የለችም፤ ሥራዋ ግን ለእኛ ተርፏል።