የቈሎ ተማሪና የደብሩ ዛፍ

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ወደ አገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ የትምህርት ቤቱ ቅጥር የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነበር። በብዙ ደብርም እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ተማሪው ቅኔ የሚቈጥረው፥ ዜማ የሚቀጽለው በጥድና በወይራ፥ በዝግባና በዋንዛ ጥላ ሥር ነው። ስለዚህ የአገሩን ዕፀዋት ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ወጣት አስቀድሞ ወደዚህ ቅጥር ይመልከት እላለሁ።

የቈሎ ተማሪ ዕፀዋቱን የሚያውቃቸው በስም ብቻ አይደለም። ጥርሱን በወይራ መፋቂያ ያጸዳል፤ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል፤ የሆድ ትል ሲያስቸግረው የኮሶ አበባ ይጠጣል፤ ልብሱን በእንዶድ ያጥባል። እንዶድን ከተራ ነገር የምንቈጥር ብዙዎች ነን። ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢያዩ፥ ምክንያቱን መረመሩ። ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ኃይል በፍሬው ውስጥ አገኙ።

ከቅጥሩ ውጭ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈርቍራ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት፥ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስላለቀ፥ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። በስፍራዋ እንድትቈይ የረዳት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን የሚነቅፉ ሰዎች ይህን ውለታውን ባይዘነጉ ደግ ነው። ይሁን እንጂ የወደቀውን ጥድና ወይራ መልሶ አላመጣልንም።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል፤ የሚበዙትም አገር በቀል ናቸው። ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መትረፉ ያስደንቃል። የጠበቀውም የመንግሥት ዘበኛ ሳይሆን፥ የደብሩን ዛፍ መቍረጥ ነውር ነው የሚለው ፍርሃት ነው።

ፍርሃት ግን ሰውን እንጂ ከብትን አያግድም። ከብቱ ገብቶ ቡቃያውን ሲግጥ፥ አሮጌው ዛፍ በወደቀ ጊዜ የሚተካው ይታጣል። ይህንም የተረዱ ገበሬዎች ከእርሻቸው ድንጋይ እየለቀሙ በአንዳንዱ ደብር ደን ዙሪያ ካብ ካቡ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ከብቱም ከውጭ ቀረ።