የአስኮቭ ኤሌክትሪሺያኖች

ዴንማርክ ውስጥ፣ በደቡብ ዩትላንድ፣ አስኮቭ የምትባል የገጠር መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1891 ፖል ላ ኩር የተባለ የፊዚክስ መምህር ከመንግሥት ባገኘው ገንዘብ እዚያ አንድ የንፋስ ወፍጮ አስተከለ። ወፍጮው የሚያሽከረክረው የእህል ድንጋይ ሳይሆን ዲናሞ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላ ኩር የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የተመሠረተው ከሽንፈት ማግስት ነው። በ1864 ዴንማርክ በፕሩሺያና በኦስትሪያ ተሸንፋ ደቡባዊ ግዛቶቿን ስትነጠቅ፣ የሮዲንግ ሕዝባዊ ትምህርት ቤት ከአዲሱ ድንበር ማዶ ቀረ። መምህራኑ ድንበሩን ተሻግረው በ1865 አስኮቭ ላይ እንደገና ከፈቱት። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የገበሬ ልጆች ሲሆኑ፣ ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። ላ ኩር በኮፐንሃገን የነበረውን የሜትሮሎጂ ሥራ ትቶ በ1878 ወደዚህ መጣ። የሚያሳስበው አንድ ነገር ነበር፦ ኤሌክትሪክ የከተማ ሀብት ሆኖ ከቀረ ወጣቱ ገጠሩን ጥሎ ይሄዳል። ዴንማርክ ትልቅ ፏፏቴ የላትም፤ ንፋስ ግን ሞልቷታል።

ንፋስ ደግሞ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ጸጥ ይላል፤ ዲናሞ የሚፈልገው ወጥ ፍጥነት ነው። ላ ኩር ለዚህ «ክራቶስታት» የተባለ መሣሪያ ሠራ። ከወፍጮው ወደ ዲናሞው ጉልበት የሚያደርሰው ቺንጋ በክብደት ይወጠራል። ንፋሱ ከልክ ሲያልፍ ቺንጋው ፑሌጃው ላይ ይንሸራተታል፤ ትርፉ ጉልበት ዲናሞው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ንፋስ በሌለ ቀንም መብራት ያስፈልጋል። ላ ኩር በኤሌክትሪኩ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየከፈለ፣ ጋዙን 12 ሜትር ኩብ በሚይዝ ታንክ አከማቸ። ከ1895 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ትምህርት ቤቱ በዚህ ጋዝ ሲበራ ቆየ። ጥቂት ኦክስጅን ከሃይድሮጅኑ ጋር ሲቀላቀል ግን ይፈነዳል፤ የሕንፃዎቹ መስኮቶችም በተደጋጋሚ ረግፈዋል። ኋላ ላይ ሥራው ወደ ባትሪ ዞረ። ላ ኩር በንፋስ ዋሻ ባደረገው ሙከራም በፍጥነት የሚሽከረከሩ ጥቂት ክንፎች ከብዙ ዘገምተኛ ክንፎች የተሻለ እንደሚያመነጩ አረጋገጠ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ዘላቂ ሆኖ የተገኘው ግን የሥልጠናው ሥራ ነው። በ1903 የዴንማርክ የንፋስ ኤሌክትሪክ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1904 አስኮቭ ላይ የገጠር ኤሌክትሪሺያኖች ኮርስ ተጀመረ። ከገጠር የመጡ ወጣቶች ሙያውን ተምረው ወደየመንደራቸው ተመለሱ። ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች አንዱ የ17 ዓመቱ ዮሃነስ ዩል ነበር።

ላ ኩር በ1908 አረፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ሲጠፋ የሠልጣኞቹ ሙያ ይበልጥ ተፈለገ። በ1882 የመጀመሪያውን የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቋመው የዴንማርክ ገበሬ አብሮ ገንዘብ ማዋጣትን ለምዶ ስለነበር፣ የመንደር ማመንጫዎችም በዚያው መንገድ ተስፋፉ። በ1918 ወደ 120 የሚጠጉ የገጠር ማመንጫዎች እያንዳንዳቸው ከ20 እስከ 35 ኪሎዋት የሚያመነጩ የንፋስ ተርባይኖች ነበሯቸው። ድምሩ 3 ሜጋዋት ያህል ሲሆን፣ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 3 በመቶውን ይሸፍን ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ግን የትልልቆቹ ማመንጫዎች መስመር ወደ ገጠር ዘለቀ። መስመሩ የሚያመጣው ኤሲ (ተለዋጭ ጅረት)፣ የመንደር ማመንጫዎቹ የሚሰጡት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) በመሆኑ በቀጥታ መገናኘት አልቻሉም። ርካሽ ኃይል ሲመጣ ወፍጮዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

ንፋስንና ትልቁን መስመር ያስታረቀው ያ የ1904ቱ ሠልጣኝ ነው። ዩል በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሲሠራ ኖሮ፣ ዕድሜው ከ60 ካለፈ በኋላ ወደ ንፋስ ተመለሰ። በ1950 አካባቢ ኤሲ የሚያመነጭ አሲንክሮነስ ጄነሬተር በንፋስ ተርባይን ላይ ገጠመ። እንዲህ ያለው ጄነሬተር ከመስመሩ ጋር ሲያያዝ መስመሩ ራሱ ፍጥነቱን ይይዝለታል፤ ንፋስ ሲጠፋም ቤቶቹ ከሌሎች ማመንጫዎች ኃይል ያገኛሉ። በ1957 ጌድሰር በተባለ የዴንማርክ ስፍራ የተከለው ባለ ሦስት ክንፍ፣ 200 ኪሎዋት ተርባይን ብዙ ጥገና ሳይፈልግ እስከ 1967 ሠራ። ያቆመው የነዳጅ ኤሌክትሪክ ርካሽ ስለነበር ነው።

በ1973 ነዳጅ ሲወደድ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ኃይሏን ከውጭ በሚገባ ነዳጅ የምታገኘው ዴንማርክ ክፉኛ ተናጋች። ክርስቲያን ሪሳገር የተባለ አናጢ የዩልን ንድፍ አሳንሶ ተርባይን ሠራና ከመስመሩ ጋር አገናኘው። በ1978 ደግሞ የትቪንድ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው ክንፎቹ የሚሠሩት ክብ ዲያሜትሩ 54 ሜትር የሆነ ግዙፍ ተርባይን አቆሙ። ዛሬ ዴንማርክ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከንፋስ ነው።

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያም ደርሷል። በአርሲ፣ ኢተያ አካባቢ የሚገኘው 100 ሜጋዋት የአሰላ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተገነባው በዴንማርክ መንግሥት ድጋፍ ነው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ለረጅም ዓመታት ክንፋቸው መፈተሽ፣ ጊርቦክሳቸው ዘይት መቀየር፣ የመቆጣጠሪያ ሥርዓታቸው መጠገን አለበት። ይህን ሥራ የአካባቢው ልጆች እንዲይዙት ከተፈለገ፣ በአርሲና በአዳማ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የንፋስ ተርባይን ጥገናን እንደ አንድ የሙያ ዘርፍ ከአሁኑ ሊያስተምሩት ይገባል።