ዋጋውን ማን ነው የሚያውቀው?

ሰሞኑን አንዱ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይሄ ቴክኖሎጂ ለኛ ለገበሬ ልጆች ምን አመጣልን?» ብሎ ጠየቀኝ። ደወል ተደወለና በደንብ ሳልመልስለት ቀረ። እስቲ እዚህ ልሞክር።

አባቴ በ1977 ድርቅ ከወሎ ወደ አሶሳ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ነው። እኔም የተወለድኩት እዚሁ ነው። ልጅ ሆኜ ሰሊጥ በአህያ ጭነን ገበያ ስንወርድ ነጋዴው «አዲስ አበባ ዋጋ ወድቋል» ይለናል። ወደቀ አልወደቀ ማን ያውቃል? አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ስልክ የለንም። አባቴ ዝም ብሎ ያራግፋል።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1890 ራስ መኮንን ዘምተው አካባቢውን ለአጼ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ፣ እነ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። ወርቁን ከአሸዋ አጥቦ ላወጣው ሰው ግን ውጭ አገር ስንት እንደሚያወጣ ማን ይነግረው ነበር?

ከዚያ በ1999 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550 ተቋቋመ። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን እየመሩት ሚያዝያ 2000 ግብይት ጀመረ። ምርቱ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ በኮምፒዩተር ተመዝግቦ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ሻጭና ገዢ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ተጯጩኸው መዳፍ ለመዳፍ ሲማቱ ተሸጠ ማለት ነው። ዋጋው በሬዲዮ፣ በሞባይል መልዕክት፣ በየገበያ ከተማው በተሰቀለ ሰሌዳ ይነገራል። ቆይቶ ጩኸቱ በኮምፒዩተር ተተካ።

ይሄ የፋብሪካም ጉዳይ ነው። ዘይት ፋብሪካ ሰሊጥና አኩሪ አተር የት፣ ስንት ኩንታል፣ በምን ደረጃ እንዳለ ካላወቀ ማሽኑ ሥራ ይፈታል። አኩሪ አተሩ ደግሞ ከኛው ክልል፣ ከፓዌና ከአሶሳ ዙሪያ የሚወጣ ነው።

መምህር በሆንኩበት ዓመት የሰሊጡን ዋጋ ከሬዲዮ ሰምቼ ለአባቴ ነገርኩት። ነጋዴው የድሮውን ወሬ ሲጀምር አባቴ «የለም፣ ልጄ ሰምቷል» አለውና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆንያውን መልሶ ሲጭን አየሁት። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ግን ታሪኩን እውነቱን ካልነገርኳችሁ የታሪክ መምህር አይደለሁም። ሌላ ገዢ አልነበረም። ምርት ገበያው ብዙ ኩንታል አንድ ላይ ይፈልጋል፣ የአባቴ አራት ጆንያ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለዚያው ሰው ሸጠለት፤ ትንሽ ብቻ ጨመረለት።

ስለዚህ ልጄ፣ መልሴ ይኸውልህ። ቴክኖሎጂው ዋጋውን አሳወቀን። ያወቁትን ዋጋ ለማስከፈል ግን አራት ጆንያ ያለው ከአራት ጆንያ ካለው ጋር መደመር አለበት፤ ማኅበር፣ መጋዘን፣ መኪና ያስፈልጋል። ያን የሚሠራው ስልኩ ሳይሆን ሰው ነው። ምናልባትም አንተ።

እናንተስ ወላጆቻችሁ ዋጋ የሚሰሙት ከማን ነበር? እስቲ ጻፉልኝ።