ተተኪው ማሞ ወልዴ በምን ይለካ?

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣውን አቀበት የሚያውቅ ሰው መንገዱ ምን ያህል ይርቃል ቢባል በኪሎ ሜትር አይመልስም፤ በሰዓት ነው የሚናገረው። ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይም ዳገት ላይም ያው ነው፤ ድካሙ ግን ለየቅል ነው። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ላስታ ላይ ቦታውን ሳይጠይቁ የሁለት መንገደኞችን ፍጥነት ማወዳደር ያስቃል። በማሞ ወልዴ ላይ ግን ስንት ዓመት ተደርጓል።

አሜሪካኖች በቤዝቦላቸው የደከመ ወርዋሪን ተክቶ መጨረሻ ላይ የሚገባ ተጫዋች አላቸው። የዚህን ሰው የሥራ ዘመን ቁጥር ለብቻው አያነቡትም። በዚያው ዘመን የተጫወቱት ሌሎች ካስመዘገቡት የሊጉ አማካይ ጋር ያስተያዩታል፤ ሜዳውንም ያስቡለታል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች በሳሳው አየር ኳሷ ርቃ ትሄዳለች፤ እዚያ የሚወረውር ሰው ቁጥሩ ቢከፋ አይፈረድበትም።

የእኛ ተተኪ ማሞ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ ውድድሩ በማሞ እጅ ወደቀ። የ36 ዓመቱ ሯጭ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። አበበ ቶኪዮ ላይ የገባው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር። የስምንት ደቂቃ ልዩነት! ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው ማሞን የዕድል አሸናፊ ቢለው አይገርምም።

ግን ሜክሲኮ 2,240 ሜትር ላይ ናት። ከማራቶኑ ሰባት ቀን ቀደም ብሎ በተካሄደው 10 ሺህ ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ያሸነፈበት ሰዓት 29 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ነው። ከሮን ክላርክ የዓለም ክብረ ወሰን አንድ ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይዘገያል። ክላርክ ራሱ በዚያ ውድድር ስድስተኛ ወጥቶ መስመሩ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ማሞ ከቴሙ በስድስት አስረኛ ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ብር አገኘ። ያ ድካም በእግሩ እያለ ነው ማራቶኑን የጀመረው።

እንግዲህ ሚዛኑ አብረውት የሮጡት ሰዎች ናቸው። ማራቶኑ ላይ ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ የመጣው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ ሮም ላይ ሁለተኛውን የበለጠው በ25 ሰከንድ ነበር፤ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ከአራት ደቂቃ በላይ። ማሞ በሁለቱ መካከል ነው የሚቀመጠው፤ አበበን የሚያሳንስ ነገር የለበትም።

ከማሞ ታሪክ ብዙም የማይነሳው ግን ሙኒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972፣ በ40 ዓመቱ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሮጦ ነሐስ አገኘ። ወርቅ ካመጣበት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጥናል። አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ካስደነቀበት የሮም ክብረ ወሰንም በስምንት ሰከንድ ገደማ ይሻላል። በፈጣኑ ሰዓቱ ሦስተኛ፣ በዘገየው አንደኛ!

ሥራውን ደግሞ ማራቶን ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባችበት በ1956 ሜልቦርን ላይ 800 ሜትርና 1,500 ሜትር ሮጧል፤ በ4 በ400 ዱላ ቅብብልም ተሰልፏል። በ1964 ቶኪዮ 10 ሺህ ሜትር አራተኛ ሆኗል። ከ800 ሜትር ተነስቶ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሯጭ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

መጨረሻው ከባድ ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ ግድያ ጋር በተያያዘ ተከሶ፣ ክሱን እየካደ፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆየ። ፍርዱ ሲመጣ ስድስት ዓመት ሆነ፤ አስቀድሞ ከታሰረው ያነሰ ስለነበር በ2002 መጀመሪያ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ በ69 ዓመቱ አረፈ።