ዲስፋጂያ ሉሶሪያ

ቴፒ ወይም ሚዛን ተፈሪ ያለ ሰው ቡናውን ያለ ችግር ይጠጣል፤ ጎደሬ ሲጎርስ ግን ደረቱ ላይ ይቆምበታል እንበል። ሰበቡ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ «ዲስፋጂያ ሉሶሪያ» ብዙም ከማያጋጥሙት አንዱ ነው። «ዲስፋጂያ» ለመዋጥ መቸገር ነው። «ሉሶሪያ» ደግሞ «የተፈጥሮ ቀልድ» ከሚል የላቲን ሐረግ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ቤይፎርድ እ.ኤ.አ. በ1794 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ለታማሚው ግን ምኑም አያስቅም።

በዚህ ችግር ወደ ቀኝ እጅ የሚሄደው ደም ቅዳ ከልብ ከሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ቀድሞ መነሳት ሲገባው፣ በግራ በኩል መጨረሻ ላይ ይነሳል። ወደ ቀኝ ሲሻገር ብዙውን ጊዜ በምግብ ቧንቧ ጀርባ ያልፍና ይጫነዋል። አብሮ የሚወለድ ነው፤ አብዛኞቹ ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ባሪየም ተውጦ የሚነሳ ራጅ ይጠቁማል፣ ሲቲ ስካን ያረጋግጣል።

በአገራችን ጉሮሮ ሲያስቸግር እንጥል የማስቆረጥ ልማድ አለ። እዚህ ፋይዳ የለውም፤ ጫናው ያለው ደረት ውስጥ ነው። መዋጥ እየከበደ ክብደትም እየቀነሰ ከሄደ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል፣ ሚዛን አማን ወዳለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ወይም በቅርብዎ ወዳለ ሐኪም ሳይዘገዩ ይሂዱ።