የላሆር መቶ ልጆች፦ ሲጠፉ ማን ፈለጋቸው?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ታሪክ ለማንበብ ይከብዳል። ግን ልጅ ያለው ሁሉ ሊያውቀው ስለሚገባ በትዕግሥት እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ በፓኪስታን ላሆር ከተማ ለፖሊስና ለአንድ ጋዜጣ ደብዳቤ ተላከ። ላኪው ጃቬድ ኢቅባል ይባላል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 16 ዓመት የሆኑ መቶ ወንዶች ልጆችን አንቆ መግደሉን፣ አስከሬናቸውንም በአሲድ ማሟሟቱን ጽፏል። ቤቱ ሲፈተሽ በግድግዳና በወለል ላይ የደም እድፍ፣ ሰንሰለት፣ አሲድ ያለባቸው በርሜሎች፣ የልጆች ልብስና ጫማ እንዲሁም ፎቶግራፎቻቸው ተገኙ። ሱብሓነሏህ! ሰውዬው ለአንድ ወር ያህል ሲታደን ቆይቶ ዲሴምበር 30 ቀን 1999 ጃንግ ወደተባለው ጋዜጣ ቢሮ ሄዶ እጁን ሰጠ።

ወላጆች ልብሱንና ፎቶውን እያገላበጡ ልጃቸውን መፈለግ ጀመሩ። አንዷ እናት በሸሚዝ፣ ሌላው አባት በጫማ ነበር የሚለዩት። ለአብዛኞቹ የሚታጠብ፣ የሚከፈንና የሚሰገድበት አስከሬን አልነበረም።

እነዚህ ልጆች እነማን ነበሩ?

ብዙዎቹ ከድሃ ቤት የወጡ፣ ከቤት የኮበለሉ ወይም ወላጅ አልባ ሆነው ጎዳና ያደሩ ነበሩ። በላሆር የዳታ ደርባር መቃብር አካባቢ ለድሆች በነጻ ምግብ ስለሚታደል እንዲህ ያሉ ልጆች ይሰበሰባሉ። የራበው ልጅ የሚያበላው ሰው ሲጠራው ይከተላል። ገዳዩ ይህን ያውቃል። ከዚያ በፊትም በልጆች ላይ ጥቃት በማድረስ ተወንጅሎ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ሁሉ ልጅ በወራት ውስጥ ሲጠፋ ከተማዋ የነቃችው ገዳዩ ራሱ ሲናገር ነው። የኮበለለ ልጅ «ነገ ይመለሳል» ይባላል፤ የጎዳና ልጅ ደግሞ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ስለሆነ ቢቀር ማንም ልብ አይለውም።

ፍርዱና የዑለማኡ መልስ

ሰውዬው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ቃሉን ካደ። የኮበለሉ ልጆችን ችግር ለማሳየት የፈጠረው ታሪክ እንደሆነ ተናገረ። ከመቶ በላይ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ማርች 16 ቀን 2000 ሞት ተፈረደበት። ዳኛው በወላጆቹ ፊት በዚያው ሰንሰለት ታንቆ እንዲገደል፣ አስከሬኑም መቶ ቦታ ተቆራርጦ በአሲድ እንዲሟሟ አዘዙ።

ልባቸው የነደደ ብዙዎች «ይገባዋል» ሳይሉ አልቀሩም። የፓኪስታን የእስላማዊ አስተሳሰብ ምክር ቤት ግን አስከሬን መቆራረጥና ማሟሟት ከእስልምና ጋር እንደሚጋጭ ገለጸ። መንግሥትም እንዲህ ያለ ቅጣት እንደማይፈጸም አስታወቀ። ቂሷስ ወሰን አለው። የገዳዩን ሬሳ ማዋረድ የተገደለውን ልጅ አይመልስም፤ በዲናችንም ሙሥላ የተከለከለ ነው።

ገዳዩ ይግባኙ ሳይቋጭ በኦክቶበር 2001 እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የወላጆቹ ጥያቄም አብሮ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከዚያስ?

በ2004 የፑንጃብ ክፍለ ሀገር ስለተጣሉና ጠባቂ ስለሌላቸው ልጆች ሕግ አወጣ፣ የሕጻናት ጥበቃ ቢሮም ተቋቋመ። ሆኖም በጃንዋሪ 2018 ከላሆር ብዙም በማትርቀው ቃሱር ከተማ ዘይነብ የተባለች ትንሽ ልጅ ተገደለች። ገዳይዋ ከእሷ በፊትም ሌሎች ሕጻናትን ማጥቃቱ ተረጋገጠ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በ2020 በስሟ የተጠራ ሕግ ጸደቀ፤ ልጅ ጠፋ ሲባል ፖሊስ ሳይዘገይ እንዲንቀሳቀስ ያስገድዳል። ይህ ሕግ ለላሆሮቹ ልጆች ሃያ ዓመት ዘግይቷል።

ወንድሞችና እህቶች፣ የቲሙን መንከባከብ ስንል ምግብ መስጠት ብቻ አይደለም። ያበላነውን ልጅ ስሙን እንጠይቀው፤ ከየት እንደመጣና ማታ የት እንደሚያድር እንወቅ። ትናንት የነበረው ዛሬ ከቀረ «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይኑረው። የላሆሮቹ ልጆች ያጡት ይህንን ሰው ነው።

አላህ ለወላጆቻቸው ሶብር ይስጥ፤ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሏሁ አዕለም።